ያለ ቆጣሪ ቤት፦ ድሬዳዋ ላይ በሶላር ብቻ ለመኖር

ቤታችን ከሳቢያን ጫፍ ወዲያ ነው። ስንገባበት የመብራት ምሰሶው ከእኛ ራቅ ብሎ ቆሞ ነበር፤ ዛሬም እዚያው ቆሟል። እኔ ቤቴ ሆኜ ሺቲና ድሪያ የምሰፋ ልብስ ሰፊ ነኝ እንጂ ኤሌክትሪሺያን አይደለሁም። በሶላር ብቻ መኖር ከጀመርን ግን አራተኛ ዓመታችንን ይዘናል። አዲስ ቤት የሠራ ጎረቤት ሁሉ "እስቲ ንገሪን፣ ያዋጣል ወይ?" እያለ ይመጣል። ለእነሱ ቡና እያፈላሁ የምነግራቸውን ነው እዚህ የምጽፈው።

ሁሉም ወሬውን የሚጀምሩት "ድሬ እኮ ፀሐይ ሞልቷል!" ብለው ነው። እውነት ነው፣ ሞልቷል። የጠዋቱም የቀትሩም የማታውም ብርሃን ሲጠራቀም፣ ፓኔሉ በቀን ወደ 5 ሰዓት ተኩል ያህል በሙሉ ጉልበቱ እንደሠራ ይቆጠራል። የሚያስቸግረው ሌሊቱና ሙቀቱ ነው። ቤተሰብ የሚሰበሰበው፣ ቴሌቪዥን የሚከፈተው፣ ቬንትሌተር እስኪነጋ የሚሽከረከረው ፀሐይ ከገባች በኋላ ነው። ያን ሁሉ የሚሸከመው ባትሪ ነው፤ ባትሪ ደግሞ የድሬን ሙቀት አይችልም። ስለዚህ ስንት ፓኔል ልግዛ ከማለታችሁ በፊት ሌሊቱን እንዴት እንደምታሳልፉት አስቡ።

ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። እያንዳንዱ ዕቃ ስንት ዋት እንደሚወስድና በቀን ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ጻፉና አባዙት፤ ዋት-ሰዓት ይሰጣችኋል። የእኔ ቤት እንዲህ ነው። አራት ባለ 9 ዋት አምፖሎች 5 ሰዓት ይበራሉ፣ 180። ሁለት በዲሲ (ባትሪ በሚሰጠው ዓይነት ኃይል) የሚሠሩ ባለ 25 ዋት ቬንትሌተሮች ሌሊቱን 10 ሰዓት ይሽከረከራሉ፣ 500። ባለ 45 ዋት ቴሌቪዥን 4 ሰዓት፣ 180። የስፌት መኪናዬ ሞተር 90 ዋት ነው፣ በቀን 3 ሰዓት ያህል ይሠራል፣ 270። ስልኮች 60። ትንሿ ፍሪጅ ደግሞ በግንቦትና በሰኔ ሙቀት በቀን ወደ 800 ትወስዳለች። ፍሪጅን ላዩ ላይ ከተጻፈው ቁጥር ብቻ አትመኑት፤ እኛ ቤት ሞተሩ እረፍት የለውም። ድምሩ 2,000 ግድም ይመጣል። የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን መብራት የሚቀይረው ኢንቨርተር ምንም ሳይሠራ ራሱ የሚበላውና በመንገድ የሚባክነው ስላለ ሩብ ጨምሩበት፤ 2,500 ዋት-ሰዓት።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ዝርዝሩ ውስጥ እንደሌለ አስተውላችሁ ይሆናል። ምጣድ ሲሠራ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ ሁለት ሰዓት ከጋገራችሁበት 7,000 ዋት-ሰዓት ነው፣ የእኔ ቤት ሦስት ቀን ሊሞላው ትንሽ የቀረው ፍጆታ ማለት ነው። ካውያም 1,000 ዋት ነው። ሙቀት የሚሰጥ ዕቃ ሁሉ እንዲሁ ነው፦ ምጣድ፣ ካውያ፣ ምድጃ፣ የውሃ ማሞቂያ። እኔ እንጀራ በማገዶ እጋግራለሁ፣ የደንበኛ ልብስ በከሰል ካውያ እተኩሳለሁ። ይህን መተው የማይችል ሰው ከሁለትና ሦስት እጥፍ በላይ ገንዘብ ያዘጋጅ። የመብራት መስመር ደጃፋችሁ ድረስ ከመጣላችሁም ቆጣሪ አስገቡና ምጣዱን በእሱ ጋግሩ፤ ሶላሩን መብራት ሲጠፋ ለአምፖል፣ ለቬንትሌተርና ለስልክ የሚሆን ትንሽ አድርጉት። ሙሉ ቤት በሶላር የሚያዋጣው እንደኛ ምሰሶው ለራቀበት ነው።

አሁን ፓኔሉ። 2,500 ዋት-ሰዓት ለማግኘት እኛ ሁለት ባለ 330 ዋት ፓኔሎች ሰቀልን። 660 በ5 ሰዓት ተኩል ሲባዛ 3,630 ይመጣል፤ በአቧራ፣ በሙቀትና በገመድ 30 በመቶ ያህል ሲቀነስ 2,541 ይቀራል። ልክ ይበቃል፣ ግን ትርፍ የለውም፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከሰዓት በኋላ ሲደማምን ቴሌቪዥን እንዘጋ ነበር። ዘንድሮ ሦስተኛ ጨመርን፤ ከጅምሩ ብንጨምር ይሻል ነበር። ከሁሉም ዕቃ ለትርፍ የሚረክሰው ፓኔል ነው።

ስትገዙ ሜትር ያዙ። አንድ ካሬ ሜትር ፓኔል በቀትር ፀሐይ ከ200 ዋት ትንሽ ዘለል ያለ ቢሰጥ ነው። የእኔዎቹ እያንዳንዳቸው ወደ 2 ሜትር ርዝመትና 1 ሜትር ወርድ አላቸው። ግማሹን የሚያህል ፓኔል ላይ 330 ተጽፎ ካያችሁ፣ ጽሑፉ ውሸት ነው። ቴስተር ያለው ሰው ይዛችሁ ሂዱና ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ፀሐይ ላይ አውጥታችሁ ቮልቱንና አምፔሩን አስለኩ፤ ከጀርባው ከተለጠፈው ጋር መቀራረብ አለበት። እሺ የማይል ሻጭ ከሆነ ሌላ ሱቅ አለ።

አሰቃቀሉን የነገሩን ጡረታ የወጡ የድሮ የምድር ባቡር ጋራዥ ሠራተኛ ናቸው፤ ሠፈሩ ሁሉ አባባ ነው የሚላቸው። መጀመሪያ የጠየቁኝ "ልጄ፣ ጥላው በስንት ሰዓት የት ይደርሳል?" ብለው ነበር። መልስ አልነበረኝም። አንድ ሙሉ ቀን ጣሪያውን ስጠብቅ ዋልኩ፤ የሮቶው ጥላ ልንሰቅል ያሰብንበት ቦታ ላይ ከ9 ሰዓት ጀምሮ ይወድቃል። በአንዱ ማዕዘን የወደቀ ትንሽ ጥላ የፓኔሉን ሲሶ ወይም ከዚያ በላይ ሊያጠፋ ይችላል። ወደ ሌላው ጎን አዞርነው። የጎረቤት ኒም ዛፍ ካለ ደግሞ በሁለት ዓመት ስንት እንደሚያድግ አስቡ።

ፓኔሉ ወደ ደቡብ ይዞር፣ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ብቻ ዘንበል ይበል። ድሬ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ተኩል ያህል ብቻ ወደ ሰሜን ስለሆነች፣ በሰኔ ቀትር ፀሐይዋ ከአናታችን አልፋ በሰሜን በኩል ትሆናለች፤ በታኅሣሥ ደግሞ ወደ ደቡብ ትወርዳለች። ብዙ ካዘነበላችሁት ክረምት ላይ ትከስራላችሁ፤ ጭራሽ ካስተኛችሁት ዝናቡ አቧራውን አያጥብላችሁም። ቆርቆሮው ላይም በቀጥታ አታስተኙት። በቱቦላሬ ብረት ከጣሪያው 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ሥሩ አየር እንዲያልፍ አድርጉ። ፓኔል ከ25 ዲግሪ በላይ በሞቀ ቁጥር በየዲግሪው ከኃይሉ 0.4 በመቶ ገደማ ያጣል፤ እዚህ በቀትር 65 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 16 በመቶ ጠፋ ማለት ነው።

ባትሪው ላይ ረዘም ላድርገው፣ የተቃጠልኩት በእሱ ነውና። መጀመሪያ ሁለት ባለ 12 ቮልት 200 አምፔር-ሰዓት ጄል የሚባለውን የእርሳስ ባትሪ ገዛሁ። ሻጩ አምስት ዓመት ይኖራል አለኝ። ከኩሽናው ጎን ባለችው ቆርቆሮ መጋዘን አስቀመጥኳቸው፣ ቦታ ስለነበረ። ማታ ማታም እስኪያልቅ እንጠቀም ነበር። በ14 ወራቸው ሞቱ፤ የልጆቹን የትምህርት ቤት ወጪ ቀንሼ ያጠራቀምኩት ገንዘብ ነበር፣ አልቅሻለሁ። ቆይቶ ነው የገባኝ፦ ለጄል የሚነገረው ዕድሜ 25 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ነው፤ ከዚያ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ስንት እንደሚደርስ የድሬ ሰው አይጠይቅም። በዚያ ላይ ጄል ከግማሹ በላይ መጠቀም አይገባም ነበር፤ 4,800 ዋት-ሰዓት የያዘው ሁለቱ ባትሪ ለእኔ 2,400 ብቻ ነበር።

አሁን ያለን ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ባለ 25.6 ቮልት 100 አምፔር-ሰዓት ነው፤ 2,560 ዋት-ሰዓት ይይዛል፣ 80 በመቶው ያለ ሥጋት ይወጣል፣ ማለትም 2,000 ዘለል ያለ። የእኛ ሌሊት ከነብክነቱ 1,650 ያህል ነው የሚፈልገው። ከወጪያችን ግማሽ የሚሆነውን የወሰደው እሱ ነው፤ ቢሆንም ሙቀቱን ከጄል በተሻለ ይችላል። በጣም ሲግል ግን የውስጡ መቆጣጠሪያ ቻርጅ መቀበል ያቆማል። ስለዚህ ሳሎን ውስጥ፣ ፀሐይ በማይመታው የድንጋይ ግድግዳ በኩል፣ ከወለሉ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥነው። ከፍታው ስለ ጎርፍ ነው። የሐምሌ 1998ን የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ሌሊት ያየ ሰው ዋጋ ያለው ዕቃ መሬት ላይ አያስቀምጥም።

ጄል ለመግዛት የምትገደዱ ካላችሁ አንሡት። እውነተኛ 200 አምፔር-ሰዓት ጄል ከ50 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ አንድ ሰው በአንድ እጁ ብድግ ካደረገው ውስጡ ባዶ ነው። ያገለገለ ባትሪ ግን ረከሰ ብላችሁ አትግዙ፤ እባካችሁ።

ሲስተሙን 12 ሳይሆን 24 ቮልት አድርጉት። 1,000 ዋት በ12 ቮልት ከ80 አምፔር በላይ ይፈልጋል፣ በ24 ግማሹን፤ ገመዱ ይቀጥናል፣ ሙቀቱም ይቀንሳል። ለቬንትሌተሮቹ ከ24 ወደ 12 የምትቀንስ ትንሽ ኮንቨርተር በቂ ናት። ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን ኃይል የሚቆጣጠረው ቻርጅ ኮንትሮለር ኤምፒፒቲ የሚባለው ዓይነት ይሁን። ሁለቱ ፓኔሎቻችን በተከታታይ ሲያያዙ ያለ ጭነት 92 ቮልት ይሰጣሉ፣ በቀዝቃዛ ጠዋት ደግሞ ትንሽ ይጨምራል፤ ስለዚህ 150 ቮልት የሚችል ባለ 40 አምፔር ገዛን። ሦስተኛውን ስንጨምር ሌላ መግዛት ያላስፈለገን ለዚህ ነው። ኢንቨርተሩ ፒዩር ሳይን ዌቭ የሚባለው፣ እንደ መስመር መብራት ያለ ኃይል የሚሰጠው ይሁን፤ ፍሪጅና የስፌት ሞተር በሌላው ዓይነት ይጮኻሉ፣ ይግላሉም። ፍሪጅ ሲነሳ ለቅጽበት የተለመደውን ብዙ እጥፍ ስለሚስብ 1,500 ዋት ወሰድን።

ገመድ ላይ አትቆጥቡ። ከፓኔል ወደ ታች ባለ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ከባትሪ ወደ ኢንቨርተር ባለ 25፣ እሱም ከአንድ ሜትር ተኩል የማይበልጥ። በባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ አጠገብ ፊውዝ ይግባ፤ ይህ ቀርቶ የሚሠራ ሶላር ቤት ሊያቃጥል ይችላል። ብሬከሩም በግልጽ ዲሲ ተብሎ የተጻፈበት ይሁን፤ የተራው ቤት ብሬከር የዲሲ ብልጭታ ማጥፋት አይችልም። የፓኔሉ ብረት ከምድር ጋር ይገናኝ። ሲገጠም መጀመሪያ ባትሪው ከኮንትሮለሩ ጋር፣ ቀጥሎ ፓኔሉ ይያያዛል፤ ሲፈታ ቀድሞ ፓኔሉ ይለያል። ፓኔል ማጥፊያ የለውም፣ ፀሐይ እስካለች ኃይል አለው፤ ስለዚህ ስትገጥሙ በብርድ ልብስ ሸፍኑት። ሥራውን ለሚያውቅ ሰው ስጡ፣ እናንተ ግን አጠገቡ ቁሙ።

ከዚያ በኋላ የሚለወጠው የእናንተ ሰዓት ነው። ድሬ ሱቁን ዘግታ የምትተኛበት፣ ከ6 እስከ 9 ሰዓት ያለው ጊዜ፣ ፓኔል አብዝቶ የሚሰጥበት ነው። እኔ ስፌቴን ወደዚያ አዛወርኩ። ስልክ ሁሉ ያኔ ይሰካል፣ ለፍሪጅ የሚገባው ውሃ ያኔ ይገባል፤ ማታ ሙቅ ነገር ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት ልጆቹ ተከልክለዋል። በቀን የተጠቀማችሁት ኃይል ባትሪ ውስጥ ገብቶ መውጣት አያስፈልገውም።

አቧራውን በበጋ በየሁለት ሳምንቱ እናጥባለን። ቀትር ላይ በጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አይደፋም፣ ሊሰነጠቅ ይችላል። የድሬ ውሃ ደግሞ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋግረውን ያንኑ ነጭ ኖራ ፓኔሉም ላይ ይተዋል፤ ራሱ ይድረቅ ብላችሁ ብትተዉት ከአቧራው አይሻልም። እኛ ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ልጄ መሰላሉን ይዞልኝ፣ በግማሽ ባልዲ ውሃና ከስፌት በተረፈ ለስላሳ ጨርቅ አጥበን ወዲያው በደረቅ እናብሰዋለን።