ስኳር ያለበት ሰው እየጾመም ኮሌስትሮሉ ካልወረደ ምን ያድርግ?

ሁዳዴን 55 ቀን ሥጋ፣ ቅቤ፣ እንቁላል ሳይነካ ጾሞ፣ አዳማ ውስጥ ላብራቶሪ ገብቶ ሲመረመር ኮሌስትሮሉ እንዳለ የሚያገኘው የስኳር ታማሚ ግራ ይገባዋል። «ምን በላሁና ነው?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ከሳህኑ ይልቅ አንጀቱ ውስጥ ነው ያለው።

መጀመሪያ ይህን ያዙ። አብዛኛውን ኮሌስትሮል የሚሠራው ሰውነታችን ራሱ ነው፤ ጉበት ይሠራል፣ አንጀትም ይሠራል። ከዚያም አልፎ ጉበት ከሐሞት ጋር በየቀኑ 1 ግራም ገደማ ኮሌስትሮል ወደ አንጀት ያፈስሳል፣ ከዚህም ግማሽ ያህሉ ተመልሶ ይመጠጣል። ስለዚህ በጾም ቀንም አንጀት ውስጥ ኮሌስትሮል አይጠፋም።

አሁን ስኳር የሚያበላሸውን እንይ። በአንጀት ግድግዳ ላይ ኮሌስትሮልን ወደ ውስጥ የሚያስገባ ኤንፒሲ1ኤል1 የሚባል ፕሮቲን አለ። የገባውን መልሰው ወደ አንጀት የሚያወጡ ደግሞ ኤቢሲጂ5 እና ኤቢሲጂ8 የሚባሉ ሁለት አሉ። ተመራማሪዎች ዓይነት 2 ስኳር ካለባቸው ሰዎች አንጀት ናሙና ወስደው ሲያዩ፣ የሚያስገባው ጂን ሥራው ጨምሮ፣ የሚያወጡት ቀንሰው አገኙ። የገባውን ስብና ኮሌስትሮል ካይሎማይክሮን በሚባሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች ጠቅልሎ ወደ ደም የሚልከው ክፍልም ሥራው ይበዛል። ጤነኛ ሰው ላይ ኢንሱሊን ይህን ልቀት ያረግበዋል፤ ሰውነት ኢንሱሊንን መስማት ሲያቆም ግን የሚያረግበው ይጠፋል፣ ምግብ ከተበላ በኋላም ደም ውስጥ ስብ ለረጅም ሰዓት ይቆያል።

ወደ ሥራው እንግባ።

ምርመራውን ሙሉ አድርጉት። «ኮሌስትሮል» ብቻ ብላችሁ አታሠሩ፤ ኤልዲኤል (መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል)፣ ኤችዲኤል (ጥሩ የሚባለው) እና ትራይግሊሰራይድ (ደም ውስጥ ያለ ሌላ የስብ ዓይነት) ለየብቻ ይታዩ። የ3 ወሩን የስኳር አማካይ የሚያሳየውን ኤችቢኤዋንሲም አብራችሁ አሠሩ፣ ምክንያቱም ሁለቱን ጎን ለጎን ሳታዩ ችግሩ ከየት እንደመጣ አይገባችሁም። ለብዙ አዋቂ ታማሚዎች ኤችቢኤዋንሲ ከ7 በመቶ በታች፣ ኤልዲኤል ደግሞ በዴሲሊትር ከ70 ሚሊግራም በታች እንዲሆን ይፈለጋል። የእናንተን ግብ ሐኪማችሁ ይወስን።

ቀጥሎ ስኳሩን ያዙት። ስኳሩ ካልተያዘ ትራይግሊሰራይዱም አይወርድም። የአዳማ ሙቀት ለስላሳ ያስጠጣል፣ ስኳር የተጨመረበት ጁስም እንደዚያው፤ በውሃ ተኩት። ለአጭር መንገድ ባጃጅ አትያዙ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ፀሐይዋ ሳትበረታ በእግር ሂዱ።

እዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ፣ እባካችሁ በደንብ አንብቡት። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን ስኳር የሚያወርድ ክኒን የሚወስድ ሰው እስከ 9 ሰዓት ምንም ሳይበላ ከዋለ ስኳሩ በጣም ሊወርድ ይችላል። መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ መደናገር ከመጣ ወዲያው ስኳር ያለው ነገር ይውሰድ። ጾም ከመግባቱ በፊት የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን ከሐኪም ጋር ማስተካከል ግድ ነው፤ ንስሐ አባቱንም ያማክር።

ከዚያ ዘይቱን ተመልከቱ። ጀሪካኑ ላይ «ከኮሌስትሮል ነፃ» የሚል ጽሑፍ አይሸውዳችሁ፤ የትኛውም የአትክልት ዘይት ኮሌስትሮል የለውም ማለት ይቻላል። የፓልም ዘይት ግን የረጋ ስብ አለው፣ ይሄ ደግሞ ጉበት ኤልዲኤልን ከደም የማንሳት አቅሙን ይቀንሳል። ብዙ ሰው ፓልምን የሚለየው ሲረጋ አይቶ ነው፤ አዳማ ላይ ግን ሙቀቱ ስለሚያቀልጠው ላይረጋ ይችላል፣ ስለዚህ ጽሑፉን አንብቡ። ሱፍ ወይም ኑግ ይሻላል። ሽሮውም ቢሆን ዘይት እስኪንሳፈፍበት አይሁን።

ሳህኑ ላይ ባቄላ፣ ምስር፣ አጃ፣ ገብስ አብዙ። በሶ ያለ ስኳር ጥሩ ነው፣ ተልባም እንዲሁ። በውስጣቸው ያለው ሟሚ ፋይበር አንጀት ውስጥ የሐሞት አሲድን ይዞ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ጉበት ታዲያ አዲስ ሐሞት ለመሥራት ኮሌስትሮልን ከደም ይስባል።

መድኃኒት ከታዘዘ አትፍሩት። ዕድሜው ከ40 እስከ 75 ለሆነ የስኳር ታማሚ ስታቲን የሚባለው ኮሌስትሮል የሚያወርድ መድኃኒት የሚመከረው ኮሌስትሮሉ ብዙ ባይጨምርም ነው፤ ልብንና አንጎልን ስለሚጠብቅ። ከስታቲኖች አንዱ የሆነው አቶርቫስታቲን ጉበት ኮሌስትሮል የሚሠራበትን መንገድ ይዘጋል። ያ ካልበቃ ሐኪሙ ኢዜቲማይብ ሊጨምር ይችላል፣ እሱ ደግሞ ያንን የሚያስገባውን ኤንፒሲ1ኤል1ን ያግዳል፤ ሁለቱ አብረው የሚሰጡት ለዚህ ነው። ነፍሰ ጡር ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት አስቀድማ ትናገር። ጡንቻ ላይ ጠንከር ያለ ሕመም ከመጣ ለሐኪም ይነገር፣ በራስ ማቋረጥ ግን አይሆንም፤ ውጤቱ ስለወረደ «ድኛለሁ» ብሎ መተውም እንደዚያው።

ስታቲን ከጀመራችሁ ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ድጋሚ ተመርመሩ። የድሮውን ወረቀት አትጣሉት፣ ይዛችሁ ሂዱ።