ሳይለቁ ማደስ፦ እየኖሩበት አሮጌ ቤት ለሚጠግኑ

ባዶ ቤት ሲታደስ ግድግዳውን ሁሉ በአንድ ቀን አራግፎ መሄድ ይቻላል። ሰው የሚያድርበት ቤት ግን ሌላ ሕግ አለው፦ ማታ መልሳችሁ ልትዘጉት የማትችሉትን ነገር ጠዋት አትክፈቱት። አንዱ ክፍል ተለስኖ ሳያልቅ ሁለተኛውን አትንኩ። እቃም ሰውም የሚጠለልበት አንድ ክፍል እስከ መጨረሻው ሳይነካ ይቆይ። ውሃ የሚያቋርጥ ሥራ በማለዳ ይጀመር፤ መገጣጠሚያውና መዝጊያው በእጃችሁ ሳይገባ፣ የቱቦው ውፍረትም ሳይለካ መጋዝ አታንሱ።

ቅደም ተከተሉ ጣሪያና አሸንዳ፣ የመብራትና የውሃ መስመር፣ ልስን፣ ኮርኒስ፣ ቀለም፣ መጨረሻ ላይ ወለል ነው። ብዙ ሰው ለዓይን ስለሚያምር በቀለም ይጀምራል፤ ግድግዳው እርጥብ ከሆነ ግን ቀለሙ ብዙም ሳይቆይ አብጦ ይላጣል።

እርጥበቱ ከየት እንደመጣ ለማወቅ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ላስቲክ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጋችሁ ለሁለት ቀን ተዉት። ጠብታው ከላስቲኩ ጀርባ ከሆነ ውሃው ከግድግዳው ውስጥ እየወጣ ነው፤ ፊት ለፊት ከሆነ የክፍሉ እንፋሎት ነውና መስኮት መክፈት ይበቃ ይሆናል። ከውስጥ ከመጣ ወደ ውጭ ውጡ። የተደፈነ አሸንዳ፣ የሚያንጠባጥብ ቱቦ፣ ወይም በየዓመቱ እየተከመረ ከወለሉ በላይ የወጣ አፈር ታገኛላችሁ። አፈሩን ከወለሉ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጋችሁ ከግድግዳው ወደ ውጭ አዘቅዝቁት።

ግድግዳው ሲደርቅ ልስኑን በመዶሻ እጀታ እያንኳኳችሁ አዳምጡ። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ለቋል፤ ጠንካራ ድምፅ እስክታገኙ ድረስ አንሱት። አቧራውን በብሩሽ ጥረጉ፣ ግድግዳውንም በውሃ አርጥቡ፤ ደረቅ ግድግዳ የአዲሱን ልስን ውሃ መጥጦ ስለሚያደርቀው ልስኑ ይሰነጠቃል። ለብሎኬት ወይም ለሸክላ ጡብ 1 እጅ ሲሚንቶ፣ 1 እጅ ኖራ፣ 6 እጅ አሸዋ ይበቃል። አንዱ ንብርብር ከ12 ሚሊ ሜትር አይብለጥ፤ የመጀመሪያው ሳይደርቅ ጫር ጫር ይደረግና ሁለተኛው በማግስቱ ይመታል። መጠንከር የጀመረውን ድብልቅ ውሃ ጨምራችሁ ለማለስለስ አትሞክሩ፤ ጣሉት። ሲሚንቶ ያለበትን ልስን ለጥቂት ቀናት ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጡት።

ጭቃ ቤት ወይም በኖራ የተገነባ አሮጌ ግድግዳ ከሆነ ግን ሲሚንቶ አይቅረብ። ሲሚንቶ እርጥበቱን አፍኖ ስለሚያስቀር ግድግዳው ከኋላ ይበሰብሳል፣ ልስኑም እንደ ቅርፊት ተገንጥሎ ይወድቃል። ለኖራ ግድግዳ 1 እጅ ኖራ ለ3 እጅ አሸዋ፣ ለጭቃው ደግሞ ያው ጭቃ ከጭድ ጋር ይስማማዋል። ኖራ ዓይን ያቃጥላልና መነጽርና ጓንት አይርሳችሁ።

ስንጥቅ ካለ ጫፎቹን በእርሳስ ምልክት አድርጉና ቀኑን ጻፉበት። ሳምንታት አልፈው ካልረዘመ ሙሉት። ከ5 ሚሊ ሜትር የሰፋ፣ ወይም ከመስኮት ጥግ በሰያፍ የሚወጣና በሩንም የሚያስቸግር ከሆነ መሐንዲስ ይየው።

አቧራውን በሩ ላይ ሁለት መጋረጃ ላስቲክ ሰቅላችሁ፣ መስኮቱ ላይ ወደ ውጭ የሚነፍስ ማራገቢያ አድርጋችሁ ትይዙታላችሁ። መጥረጊያ ያበናል፤ በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉ። አሮጌ ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይፈተግ፤ ውሃ እየረጫችሁ ፋቁት፣ ሕፃናትና እርጉዝ ሴት አይጠጉ። አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ ቃጫማ ማዕድን) አለበት ተብሎ የተጠረጠረ የጣሪያ ወይም የኮርኒስ ንጣፍ አይቆረጥም፣ አይሰበርም፤ ለባለሙያ ይተው።

ሶኬት ከመፍታታችሁ በፊት ቴስተሩን (ኤሌክትሪክ መኖሩን የሚያሳየውን መሣሪያ) መብራት ባለበት ቦታ ሞክሩት። ከዚያ ዋናውን ብሬከር አጥፍታችሁ ሶኬቱን ፈትሹ፤ የተበላሸ ቴስተር ጭራሽ ከማጣት ይከፋል። ሽፋኑ የሚፈረፈር ሽቦ በልስን አይቀበር፤ ኤሌክትሪሻን ይቀይረው።

አዲስ የሲሚንቶ ልስን 4 ሳምንት ያህል ሳይደርቅ ቀለም አይቀባ። እየኖሩበት ማደስ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፦ የለሰናችሁት ክፍል እስኪደርቅ ቀጣዩን ታራግፋላችሁ፣ ተመልሳችሁም የመጀመሪያውን ዙር የውሃ ቀለም ከ10 እስከ 20 በመቶ በውሃ አቅጥናችሁ ትቀባላችሁ።