ብርቅ የሆኑ የድሮ የጃፓን አስፈሪ ፊልሞችን እንዴት እንሰብስብ?

አሮጌ ሁሉ ብርቅ አይደለም። ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቅዎ በፊት ፊልሙ ከገበያ ለምን እንደጠፋ ይጠይቁ።

ምክንያቱ አንዳንዴ ከፊልሙ የማያንስ ታሪክ ነው። ቴይኖሱኬ ኪኑጋሳ እ.ኤ.አ. በ1926 የሠራው፣ በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ውስጥ የሚያልፈው ድምፅ አልባ ፊልም ጠፍቷል ሲባል ኖሮ በ1971 ዳይሬክተሩ ራሱ ከገዛ ዕቃ ቤቱ አገኘው። ቴሩዎ ኢሺ በ1969 ከኤዶጋዋ ራንፖ ድርሰቶች የቀዳው ፊልም ግን አልጠፋም፤ ተሸሸገ እንጂ። ርዕሱ (በእንግሊዝኛ Horrors of Malformed Men ይባላል) እና የአካል ጉድለት ያለባቸውን ሰዎች የሚያሳይበት መንገድ ስላስነወረው በጃፓን ለአሥርተ ዓመታት በቪዲዮ ሳይወጣ ቆየ። (የደራሲውን ስም ፈጠን ብለው ይጥሩት፤ አሜሪካዊው ደራሲ «ኤድጋር አላን ፖ» ይመጣልዎታል። የብዕር ስሙን ያበጀው ከዚያ ነው።) በ2007 አሜሪካ ውስጥ በዲቪዲ ሲወጣ ፊልሙን ማየት ቀለለ። በ1969 የታተመውን ፖስተር ግን ዲቪዲ አይተካውም፤ እኔ ብሆን ገንዘቤን የማወጣው ለፖስተሩ ነው።

ቀጥሎ መጠንና ዘመን ይመርምሩ። የተለመደው የጃፓን ሲኒማ ፖስተር 51.5 በ72.8 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከዚህ ያነሰ ሲያጋጥምዎ ሻጩን ያፋጥጡት። በሲኒማ ቤት ይሸጡ በነበሩ ትንንሽ መጽሔቶች ላይ ዓመቱ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሊጻፍ ይችላል። በሾዋ (በንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ) ዘመን ቁጥር ላይ 1925 ይደምሩ፤ ሾዋ 44 ማለት 1969 ነው። ሁለት የዘመን አቆጣጠር ይዞ ለሚኖር ሐበሻ ይህ አይከብድም።

የቪዲዮ ካሴት ከሆነ የሻጩን ፎቶግራፍ አይመኑ። በካሴቱ መስኮት በኩል በባትሪ እያበሩ የተጠቀለለውን ክር ጠርዝ ይዩ። ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፤ የጃፓን በጋ እርጥበት አዘል ነው። እንዲህ ያለውን ካሴት ማጫወቻ ውስጥ ቢከቱት ሻጋታው ወደ ሌሎቹ ካሴቶችዎ ይጋባል።

በመጨረሻ ማጫወቻዎን ያስቡ። ዲቪዲ የሚሠራው የአካባቢ ቁጥሩ ከማጫወቻው ቁጥር ጋር ሲገጥም ነው። የጃፓን ዲቪዲ የአካባቢ ቁጥር 2 ነው፤ ዱባይ በተገዛ ማጫወቻ ሊሠራ ይችላል፣ ለአፍሪካ አብዛኛው ክፍል የተመደበው ግን 5 ነው። የትርጉም ጽሑፍ መኖሩንም ይጠይቁ። እኔ ሳልጠይቅ በገዛሁት የምርመራ ፊልም መጨረሻ ላይ መርማሪው ሁሉንም ሰብስቦ ረጅም ንግግር አደረገ፤ ገዳዩ ማን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።