ዘንጉን ማን ይያዝ? ወጣት የሙዚቃ መሪዎችንና ደራሲዎችን ስናሰለጥን የምንሠራቸው ስህተቶች

ብዙ የሙዚቃ ስልጠናዎች «ሁሉን አካታች» ይባላሉ። ገብታችሁ ስታዩ ግን አይነ ስውሯ ልጅ ከመዘምራኑ መሃል ቆማለች፤ የመሪውን ዘንግ የያዘው ያው ሁልጊዜ የሚይዘው ልጅ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ከፊት ማን ይቆማል የሚለው ነው። ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች ላንሳ።

ኖታ የማያነበውን ከበር መመለስ

በመግቢያ ፈተና መጀመሪያ የሚጠየቀው ኖታ ነው። ኖታ በልጅነቱ የተማረው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አስተማሪ መቅጠር የቻለ ቤተሰብ ልጅ ነው። ረጅም ዜማ በቃሉ ይዞ ከሰንበት ትምህርት ቤት የመጣው ይወድቃል። ማሲንቆ ከአባቱ የለመደውም እንዲሁ። ኖታ በወራት ይለመዳል፤ ጆሮ ግን ዓመታት ይፈልጋል። ስለዚህ ፈተናውን አዙሩት። አጭር ዜማ አሰሙትና መልሶ ያንጎራጉረው። ሁለተኛ ድምፅ ይጨምርበት። ሦስት ሰው አቁሙለትና እኩል ያስጀምራቸው።

ሰው በሌለበት መምራትን ማስተማር

ለእኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ተማሪው መስታወት ፊት ቆሞ፣ የተቀረጸ የሙዚቃ ቅጂ ከፍቶ እጁን ያወናጭፋል። ቅጂው እሱን አይከተልም፤ እሱ ነው ቅጂውን የሚከተለው። ስለዚህ ስህተቱን በፍጹም አያውቀውም።

አንዲት ሠልጣኝ በችክችካ የሚሄድ ዜማ ስትመራ አይቻለሁ። ኖታው ስድስት ስምንተኛ ይላል፦ ስድስት አጫጭር ምቶች፣ ሦስት ሦስት ሆነው በሁለት የተከፈሉ። እሷም ስድስቱንም ምት አንድ በአንድ በእጇ መታች። መዘምራኑ እየከበዳቸው፣ እየዘገዩ ሄዱ። እጇ ፈጠነ፣ ትከሻዋ ተወጠረ። «ሁለት ብቻ ምቺ» አልናት። በሁለት መታች። ወዲያው ከኋላ የቆሙት ልጆች ትከሻ መነቅነቅ ጀመረ። ፊቷ ላይ የታየውን ነገር መቼም አልረሳውም። ይህን መስታወት አያስተምርም።

ሙሉ ኦርኬስትራ የለንም ማለት ሰበብ አይሆንም። ስምንት ዘማሪና አንድ ኪቦርድ ይበቃል። ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ በየሳምንቱ አሥር ደቂቃ ስጡት። በስልክ ቅረጹት፤ መጀመሪያ ራሱ ይየው፣ ከዚያ ዘማሪዎቹ ይናገሩ፣ አስተማሪው መጨረሻ ላይ።

ብሬሉን በልምምዱ ቀን ማቅረብ

የብሬል ኖታ የሚጻፈው የብሬል ፊደል በሚጻፍባቸው በእነዚያው ስድስት ነጥቦች ነው። ግን በጣት እያነበቡ በዚያው እጅ መምራት አይቻልም። ተማሪው ሁሉንም ድምፅ አስቀድሞ በቃሉ መያዝ አለበት። ጓደኞቹ በዕለቱ ኖታ ቢሰጣቸው ይወጡታል፤ እሱ ግን ሳምንታት ቀድሞ ያስፈልገዋል። ብሬል ካልተገኘ እያንዳንዱን ድምፅ ለየብቻ ቅረጹለት። መዘምራኑ የሚጀምሩበትን ምልክት ደግሞ በትንፋሽ መስጠትን ይልመድ። መሪው በደንብ ከተነፈሰ መዘምራኑ አብረው ይተነፍሳሉ። ይህን የሚያዩትም ቢማሩት ይጠቀማሉ።

ስፔናዊው የሙዚቃ ደራሲ ዮአኪን ሮድሪጎ በሦስት ዓመቱ ነው ዓይኑን ያጣው። ሥራዎቹን በብሬል እየጻፈ ለኖታ ገልባጭ ይነግር ነበር። እንዲህ ዓይነት ገልባጭ በበጀታችሁ ውስጥ አለ?

መስማት የተሳናቸውንማ ማንም አይጠራቸውም። በቬኔዝዌላ ግን እ.ኤ.አ. በ1975 በተመሠረተው ኤል ሲስቴማ በተባለው የልጆችና የወጣቶች የሙዚቃ ስልጠና ሥር ነጭ ጓንት ያጠለቁ መስማት የተሳናቸው ልጆች ከዘፋኞቹ ጋር ሆነው ዜማውን በእጃቸው ያቀርባሉ።

ሴቶቹን ወደ ድምፅ ክፍል፣ ወንዶቹን ወደ ዘንጉ

ማንም አስቦበት አያደርገውም። «መሪ መሆን የሚፈልግ?» ሲባል ወንዶቹ እጅ ያወጣሉ፤ በዚያው ይጸናል። ስለዚህ አትጠይቁ፤ ተራ አውጡ። አሜሪካዊቷ የኦርኬስትራ መሪ ማሪን ኦልሶፕ እ.ኤ.አ. በ2007 የባልቲሞር ሲምፎኒ ኦርኬስትራ የሙዚቃ ዳይሬክተር ስትሆን ከአሜሪካ ትልልቅ ኦርኬስትራዎች አንዱን በዚያ ኃላፊነት የያዘች የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች። ከዚያ በፊት በ2002 ለሴት መሪዎች የስልጠና ዕድል የሚሰጥ ፕሮግራም አቋቁማለች። በድርሰትም ቢሆን የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን የፒያኖ ሥራዎች ያልሰማች ሠልጣኝ ልትኖር አይገባም።

ቅኝቱን በሰው ኮርድ መሙላት

የድርሰት ተማሪ የትዝታን ቅኝት ይወስድና የተማረውን ሃርመኒ፣ ማለትም ዜማውን የሚያጅቡ ኮርዶችን (አንድ ላይ የሚሰሙ ድምፆችን)፣ ይደረድርበታል። ሲጨርስ ትዝታው የለም። ለምን? ትዝታ ሜጀርን ከዶ ስንጀምር ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ነው። ከእነዚህ አምስት ድምፆች ሙሉ ሆነው የሚወጡት ባለ ሦስት ድምፅ ኮርዶች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ዶ-ሚ-ሶል እና ላ-ዶ-ሚ። ሌላ ኮርድ ስትጨምሩ ፋ ወይም ሲ ይገባል፣ ቅኝቱም ይለወጣል። ፋን መከልከል አይደለም ሐሳቤ። ተማሪው ምን እንዳስገባ ይወቅ። ሌላም መንገድ አለ፦ አውጪና ተቀባይ፣ ከሥር የሚቆም አንድ ድምፅ፣ ዜማውን እያጀበ ትንሽ የሚለይ ክራር። ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬም የሥርዓተ ትምህርቱ መነሻ እንጂ የመጨረሻ ሳምንት ማሟያ መሆን የለባቸውም።

ድርሰቱን በወረቀት ብቻ ማረም

በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን ይቆጥራል፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ እዚያው ይታረማል። ሁሉም በጆሮ ነው። ዓይናቸው የማያይ መምህራን በዚያ ወግ የተከበሩት ለዚህም ይመስለኛል። እኛ ጋ ግን ድርሰቱ በቀይ እስክሪብቶ ይመለሳል እንጂ ሰው አይጫወተውም። ኮምፒውተር ያጫውተዋል ትሉ ይሆናል። የኮምፒውተር ዋሽንት ግን ትንፋሽ አያጥረውም። በየሁለት ሳምንቱ ሁለት ተጫዋች ጋብዙና የተጻፈውን ያሰሙ፤ ተማሪው አስተካክሎ ሲመጣ ደግሞ ይድገሙለት።

ትምህርቱ ነፃ ነው ብሎ መተኛት

የታክሲው ዋጋና ማታ የሚያልቅበት ሰዓት ብዙ ሰው ያስቀራል። ፎቁም እንዲሁ። እኔ በረዳሁበት አንድ ስልጠና ልምምዱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር፣ ሊፍት የለም። በዊልቸር የሚሄደውን ሠልጣኝ ሁለት ጓደኞቹ በየቅዳሜው ተሸክመው ያወጡት ነበር። አንድ ቅዳሜ አንደኛው ታመመና ቀረ። ሠልጣኙ ታች ግቢ ውስጥ ሆኖ ከላይ የሚወርደውን ድምፅ እየሰማ በእጁ ይመራ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ኪቦርዱንና ወንበሮቹን ይዘን እኛ ወረድን።