የአንድን ዲፕሎማት ሕይወት በአማርኛ እንዴት እንጻፍ? ኤድዋርድ ሼቫርድናዜን ይዘን እንሞክረው

ስለ ውጭ አገር ፖለቲከኛ በአማርኛ የሚጻፈው ነገር ብዙ ጊዜ የሥራ ልምድ ወረቀት ይመስላል። ተወለደ፣ ተማረ፣ ተሾመ፣ ተሻረ፣ ሞተ። ሹመቱ በሙሉ አለ፣ ሰውየው ግን የለም። አንባቢ እንዲህ ያለውን ጀምሮ ይተወዋል፤ ቢጨርሰውም በማግስቱ ምንም አያስታውስም። ከዚህ የተሻለ መጻፍ ይቻላል። እንዴት እንደሆነ በኤድዋርድ ሼቫርድናዜ ላሳያችሁ፤ ጆርጂያዊ ነው፣ የሶቪየት ኅብረት የመጨረሻ ዓመታት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበር፣ በኋላም የአገሩ ፕሬዚዳንት ሆነ።

ጆርጂያ ስል ካውካሰስ ተራሮች ሥር፣ ጥቁር ባሕር ዳር ያለችውን አገር ነው። ይህን በመጀመሪያው አንቀጽ ግልጽ አድርጉት። አትላንታ ዘመድ ያለው አንባቢ ሁሉ ቀድሞ የሚያስበው የአሜሪካዋን ጆርጂያ ነው።

ከልደት በፊት ጥያቄ

ብዙ ሰው ከትውልድ ቀን ይጀምራል። እናንተ ከጥያቄ ጀምሩ። ጥያቄውን ለአንባቢ በግልጽ መጻፍ ላያስፈልጋችሁ ይችላል፣ ግን እናንተ ጠረጴዛ ላይ መኖር አለበት። ምን እንደምታስገቡና ምን እንደምትተዉ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ለሼቫርድናዜ የኔ ጥያቄ ይሄ ነው፦ ጀርመን ውስጥ ባለውለታ ተብሎ የሚታሰብ ሰው፣ በአገሩ ዋና ከተማ ትብሊሲ የገዛ ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ለምን ውረድ አለው? ሁለቱንም መያዝ ያቃተው ጽሑፍ ግማሽ ሰው ነው የሚያሳየው። የምዕራቡ ዓለም ጸሐፊዎች በ1990 ላይ ያለውን ሰው ይወዳሉ። ብዙ ጆርጂያውያን ደግሞ የሚያስታውሱት የመብራት መጥፋቱንና ሙስናውን ነው። ሁለቱም እውነት ነው፣ ሁለቱም ይግባ።

ከዚያ ሦስት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ ሥሩ። አንዱ ላይ ቀኑ፣ አንዱ ላይ ሰውየው ያደረገው፣ ሦስተኛው ላይ በዚያ ሰዓት በዙሪያው የነበረው። ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ከያዛችሁ እስከ መጨረሻው በዚያው ሂዱ፤ እኔም እዚህ ካልገለጽኩ በስተቀር በዚያ ነው የምጽፈው። ዋና ዋናዎቹን ግን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሷቸው። ሼቫርድናዜ ከውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነቱ የለቀቀው ዲሴምበር 20፣ 1990 ነው። በእኛ ታኅሣሥ 11 ቀን 1983 ማለት ነው። መንግሥቱ ኃይለማርያም አገር ጥለው የወጡት በዚያው ዓመት ግንቦት 13 ነው። አምስት ወር ብቻ! ይህን ያየ አንባቢ ዘመኑን ወዲያው ያገኘዋል፣ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አንድ ነገር ደግሞ ቀድማችሁ ወስኑ፦ አንቱ ነው ወይስ አንተ? እኔ ከልጅነቱ ጀምሬ ስለምጽፍ «እሱ» እላለሁ። እናንተ «እሳቸው» ካላችሁም ጥሩ፣ ብቻ መሀል ላይ አትቀይሩ።

ከልጅነቱ የሚጠቅመውን ብቻ

ጃንዋሪ 25፣ 1928 ጉሪያ በሚባለው የምዕራብ ጆርጂያ አካባቢ፣ ማማቲ መንደር ተወለደ። አባቱ መምህር ነበር። ይሄ ብቻ ቢሆን በአንድ መስመር ታልፉት ነበር። ግን 1937 በስታሊን የጥርጣሬ ዘመን አባቱ ታሰረ፣ ያስፈታውም የምስጢር ፖሊስ ባልደረባ የነበረ የቀድሞ ተማሪው ነው። ልጁ ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ታላቅ ወንድሙ ደግሞ በ1941 በጦርነቱ ሞተ።

እንዲህ ያለውን ስታገኙ ቆም በሉ። ከሁሉ በላይ የጋብቻውን ታሪክ አትዝለሉ። ናኑሊ የምትባለዋን ሴት አገባሽ ሲላት መጀመሪያ እምቢ አለችው። ስለጠላችው አይደለም። አባቷ የሕዝብ ጠላት ተብሎ የተገደለ ሰው ነው፤ የጠላት ልጅ ማግባት ደግሞ የአንድ ወጣት የፓርቲ ካድሬ እንጀራ መዝጊያ ነው። እሱ ግን አልመለስም አለና በ1951 ተጋቡ። ካድሬ ሆኖ ሥርዓቱን ያገለግላል፣ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ሥርዓቱ አባቷን የገደለባት ሴት አለች። ከዚህ በኋላ የምትጽፉት ሁሉ ላይ ይሄ ነገር ጥላ ይጥላል፣ እናንተ መተንተን ሳያስፈልጋችሁ።

የማይመቸውን ዘመን አትሸፍኑ

የሰውየው አድናቂ ከሆናችሁ ከወጣት ካድሬነቱ በቀጥታ ወደ መጨረሻው የሶቪየት መሪ ወደ ጎርባቾቭ ዘመን መዝለል ያምራችኋል። አይሆንም። ሼቫርድናዜ በ1960ዎቹ የጆርጂያ የፖሊስ አለቃ ነበር፣ ከ1972 እስከ 1985 ደግሞ የሪፐብሊኳ የኮሚኒስት ፓርቲ የመጀመሪያ ጸሐፊ፣ ማለትም የበላይ መሪዋ። ሙሰኞችን ጠራረገ፣ ተቃዋሚዎችንም አሰረ። በ1976 በሞስኮው የፓርቲ ጉባኤ ላይ ለጆርጂያ ፀሐይ የወጣችላት ከምሥራቅ ሳይሆን ከሰሜን ነው፣ ከሩሲያ ማለቱ ነው፣ ብሎ ተናገረ። ጆርጂያውያን ይህን ንግግር እስከ ዛሬ አልረሱትም። አስገቡት።

ግን ሁለት ዓመት ቆይቶ የሆነውንም አብራችሁ አስገቡ። በ1978 አዲስ ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ ጆርጂያኛ የመንግሥት ቋንቋ መሆኑ ሊቀር ሆነ። ኤፕሪል 14 ተማሪዎች ትብሊሲ ላይ በብዙ ሺህ ሆነው ወጡ። በ1956 እዚያው ከተማ ሠልፈኛ በጥይት ተረፍርፏል፣ ያንን ያላስታወሰ ሰው አልነበረም። ሼቫርድናዜ ከሞስኮ ጋር ተነጋገረ፣ ከዚያ ራሱ ሕዝቡ ፊት ወጥቶ ቋንቋችሁ በቦታው ይቆያል አለ። ጥይት አልተተኮሰም። ስለ ፀሐይ ያወራውም ያው ሰው ነው፣ አደባባይ የወጣውም ያው ሰው ነው። እናንተ አታስታርቋቸው፤ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው።

ስምምነት አትቁጠሩ፣ አንድ ቀን አሳዩ

ጁላይ 1985 ጎርባቾቭ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አደረገው። ከእሱ በፊት አንድሬ ግሮሚኮ በዚያ ወንበር 28 ዓመት ተቀምጧል። ሼቫርድናዜ አንድ ቀን ዲፕሎማት ሆኖ አያውቅም፣ ሩሲያኛውም የጆርጂያ ቅላጼ ነበረው። ከዚያ በኋላ የመጣው ዝርዝር ረጅም ነው፦ የ1987ቱ የመካከለኛ ርቀት ሚሳኤሎች ስምምነት፣ ፌብሩዋሪ 1989 የሶቪየት ጦር ከአፍጋኒስታን መውጣት፣ ሴፕቴምበር 1990 ጀርመንን ያዋሐደው ውል። በአንድ አንቀጽ እለፏቸው። ሁሉንም እኩል ካብራራችሁ አንዱም አይያዝም።

ይልቅ አንድ ቀን ምረጡ። እኔ የምመርጠው ኦገስት 3፣ 1990 ነው። ኢራቅ ኩዌትን ከወረረች ገና አንድ ቀኗ ነው። ኢራቅ የሞስኮ ወዳጅ ናት፤ ከ1972 ጀምሮ የወዳጅነት ውል አላቸው፣ በሺህ የሚቆጠሩ የሶቪየት ዜጎችም እዚያ ይሠራሉ። በገዛ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያሉ የአረብ አገሮች ጉዳይ ባለሙያዎች ወዳጅን ማውገዙን አልወደዱትም። እሱ ግን የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጄምስ ቤከር ሞስኮ ቭኑኮቮ አየር ማረፊያ ሲያርፍ፣ እዚያው ጎን ለጎን ቆመው ወረራውን የሚያወግዝ የጋራ መግለጫ አወጡ። ቀዝቃዛው ጦርነት አበቃ ብላችሁ አሥር ጊዜ ከምትጽፉ ይህችን የአየር ማረፊያ ሰዓት አንድ ጊዜ አሳዩ።

ለእኛ አንባቢ ደግሞ እውነተኛ መገናኛ ካለ አትለፉት፣ ከሌለ ግን አትፍጠሩ። እዚህ ላይ አለ። ኖቬምበር 29፣ 1990፣ በእኛ ኅዳር 20 ቀን 1983፣ የጸጥታው ምክር ቤት ኢራቅ ካልወጣች ኃይል መጠቀምን የፈቀደውን ውሳኔ ቁጥር 678 ሲያሳልፍ ሼቫርድናዜ ራሱ ኒውዮርክ ተገኝቶ ድጋፉን ሰጠ። ኢትዮጵያም ያኔ የምክር ቤቱ ተለዋጭ አባል ነበረችና የድጋፍ ድምጽ ሰጠች። 12 ደገፉ፣ ኩባና የመን ተቃወሙ፣ ቻይና ድምጽ ተአቅቦ አደረገች። ሞስኮ ለደርግ የምትሰጠውን መሣሪያ ያመነመነችውም በዚሁ በጎርባቾቭና በሼቫርድናዜ ዘመን ነው። በተረፈ እሱን የኢትዮጵያ ታሪክ ዋና ሰው ለማድረግ አትታገሉ፣ አልነበረም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ፓርላማው ፊት ቆሞ አምባገነንነት እየመጣ ነው ብሎ ሥልጣኑን ለቀቀ። በስምንት ወሩ፣ ኦገስት 1991፣ ሞስኮ ውስጥ መፈንቅለ መንግሥት ተሞከረ።

ተደጋግሞ የሚታየውን ፈልጉ፣ ከዚያ የተሰበረበትን

ሰንጠረዣችሁን አሁን መልሳችሁ እዩት። 1978 ላይ አልተተኮሰም። በ1989 ምሥራቅ አውሮፓ አንድ በአንድ ሲያመልጥ ሞስኮ ታንክ አላከችም፣ እሱም ይህን አጥብቀው ከደገፉት አንዱ ነው። 2003 ላይም እናየዋለን። በአንድ ሕይወት ውስጥ ተደጋግሞ የሚመጣ ውሳኔ የጽሑፉ አከርካሪ ነው። ካገኛችሁት በኋላ ግን ወዲያው የማይስማማውን ፈልጉ፣ አለዚያ ውዳሴ ነው የምትጽፉት።

የተሰበረው አብካዚያ ላይ ነው፤ ከጆርጂያ ልትገነጠል የፈለገች ጥቁር ባሕር ዳር ያለች ግዛት ናት። ማርች 1992 ወደ አገሩ ተመለሰ። የተመረጠው ፕሬዚዳንት ዝቪያድ ጋምሳኹርዲያ በጃንዋሪ በታጣቂዎች ተባርሯል፣ ሼቫርድናዜን የጠሩትም እነዚያው የታጣቂ አለቆች ናቸው። ኦገስት ላይ የጆርጂያ ኃይሎች አብካዚያ ገቡ፣ ጦርነት ሆነ። ሴፕቴምበር 27፣ 1993 የአብካዚያ ዋና ከተማ ሱኹሚ ስትወድቅ እሱ እስከ መጨረሻው ከተማዋ ውስጥ ነበር። ድፍረቱን ጻፉ። ግን ከ200 ሺህ በላይ ጆርጂያውያን ቤታቸውን ጥለው መሸሻቸውንም፣ ብዙዎቹ እስከ ዛሬ አለመመለሳቸውንም ጻፉ። መሪው እሱ ነበር።

ከዚያ የፕሬዚዳንትነቱ ዘመን። 1995 እና 1998 ሊገድሉት ሞክረዋል፤ በሁለተኛው ያተረፈው ጥይት የማይበሳው መርሴዲስ የጀርመን መንግሥት ስጦታ ነበር። ታጣቂዎቹን ቀስ በቀስ ከሥልጣን አራቀ፣ የባኩ–ትብሊሲ–ጄይሃን የነዳጅ ቧንቧ ውል በ1999 ተፈረመ። ሕዝቡ ግን ክረምቱን በጨለማና በብርድ ያሳልፍ ነበር፤ ጡረታ አይከፈልም፣ በ1970ዎቹ ሙሰኛ ያሳደደው ሰው ቤተሰብና ወዳጅ የሚበለጽግበት መንግሥት ይዞ ተቀምጧል። የኔ ፍርድ ይሄ ነው፦ የሌላውን ግዛት በሰላም መልቀቅ ያወቀበት ሰው የራሱን ወንበር መልቀቂያ ሰዓት አላወቀበትም።

ኖቬምበር 2003 በተጭበረበረ ምርጫ ምክንያት ሕዝብ ወጣ። ኖቬምበር 22 ፓርላማ ውስጥ እየተናገረ ሳለ ሚኻይል ሳካሽቪሊ፣ በአንድ ወቅት የራሱ የፍትሕ ሚኒስትር የነበረው ወጣት፣ ጽጌረዳ ይዞ ሰዎቹን አስከትሎ ገባ። ጠባቂዎቹ ሼቫርድናዜን እየገፉ አወጡት። ሳካሽቪሊ ወደ መድረኩ ሄዶ የተተወውን ሻይ አንስቶ ጠጣው። ያን ምሽት አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፣ ጦሩ ግን እንዲተኩስ አልታዘዘም። በማግስቱ፣ በእኛ ኅዳር 13 ቀን 1996፣ ለቀቀ። ሻይዋን አትርሷት።

ምንጭ ላይ ጥንቃቄ

የራሱን ማስታወሻ አንብቡ፣ ግን ሁሉም ባለሥልጣን ራሱን ይከላከላል። በተመሳሳይ ስብሰባ የነበሩትን የቤከርንና የጎርባቾቭን ትረካ አጠገቡ አድርጉ። ከምስጢርነት የወጡ የውይይት ቃለ ጉባኤዎች ኢንተርኔት ላይ በነጻ አሉ፣ በእነሱ አመሳክሩ። ተረት የሚመስል ነገር ሲገጥማችሁ ደግሞ «ይባላል» በሉ። ለምሳሌ ባለሥልጣናቱን ግራ እጃችሁን አውጡ ብሎ ውድ ሰዓታቸውን አወለቀ የሚለው ወሬ በሰፊው ይወራል። ደስ ይላል፤ «ይባላል» የምትለዋ ግን አትቅር።

ሞቱን አታስረዝሙ። ጁላይ 7፣ 2014፣ በ86 ዓመቱ ትብሊሲ አረፈ፣ በመኖሪያ ቤቱ ግቢ ከናኑሊ ጎን ተቀበረ። ይበቃል። ከዚያ ወደ ላይ ተመልሳችሁ የስሞቹን አጻጻፍ አስተካክሉ፦ ሼቫርድናዜ፣ ሼቨርናዜ፣ ሸዋርድናዜ እያላችሁ ከቀያየራችሁ ፈልጎ የሚመጣው አንባቢ አያገኛችሁም። ቀኖቹን በሁለቱም አቆጣጠር አንድ በአንድ አረጋግጡ፤ ከጃንዋሪ እስከ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ስምንት ዓመት ትቀንሳላችሁ፣ ከእንቁጣጣሽ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ግን ሰባት።