ለመሥሪያ ቤት ሰርቨር ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ስንመርጥ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ለሰርቨር ጥገና ጠርቶኝ ነበር። ማሽኑ ላይ የተጫነው ሴንትኦኤስ 8 የተባለ፣ ሊኑክስ ከሚባሉት ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች አንዱ ነው። ሲጫን እስከ እ.ኤ.አ. 2029 እንደሚደገፍ ታምኖበት ነበር፤ አዘጋጆቹ ግን እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 ሐሳባቸውን ቀይረው ድጋፉን በ2021 መጨረሻ አቋረጡ። ለመሥሪያ ቤቱ ይህን የነገረው አልነበረም። የሠራተኞቹ የደመወዝ መዝገብና የግል ማኅደር ለሁለት ዓመት ያህል ምንም የደኅንነት ማስተካከያ በማይደርሰው ማሽን ላይ ተቀምጦ ቆየ። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። ምትኬ ወስደን አልማሊኑክስ ወደሚባል ሌላ የሊኑክስ ዓይነት አዛወርነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ስህተት የድጋፉን ዕድሜ ሳይጠይቁ መጫን ነው። ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት 24.04 ሲባል እ.ኤ.አ. በ2024 በአራተኛው ወር የወጣ ማለት ነው። በየሁለት ዓመቱ በኤፕሪል የሚወጣው የረጅም ጊዜ እትም 5 ዓመት ይደገፋል፤ በመካከል የሚወጡት ግን 9 ወር ብቻ። አዲስነቱ አያጓጓችሁ። ከሌሎቹ የሊኑክስ ዓይነቶች ዴቢያን 5 ዓመት ገደማ፣ አልማሊኑክስና ሮኪ ሊኑክስ ደግሞ 10 ዓመት ይደገፋሉ። የፌዶራ እትም ግን 13 ወር ገደማ ስለሚቆይ ለሰርቨር አልመክረውም።

ሁለተኛው፣ ያገኙትን የመጫኛ ፋይል ሳያጣሩ መጫን ነው። ኢንተርኔት ሲቆራረጥ ከሸዋ ሮቢት እስከ መሐል ሜዳ ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። መዋዋሱ ምንም አይደል። ነገር ግን አዘጋጆቹ ሻ256 (SHA256) የሚባል፣ 64 ፊደላትና አኃዞች ያሉት ማረጋገጫ በድረ ገጻቸው ያወጣሉ። የያዛችሁትን ፋይል ማረጋገጫ አስልታችሁ ከዚያ ጋር አስተያዩ። አንዲት ፊደል ከተለየች ፋይሉ ወይ ሲወርድ ተበላሽቷል፣ ወይ ሰው ነካክቶታል፤ አትጫኑት።

ለዊንዶውስ ብቻ የተሠራ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ በቀጥታ ስለማይሠራ፣ የሒሳብ ፕሮግራማችሁ እንደዚያ እንደሆነም አስቀድማችሁ አጣሩ።

መብራት በሚጠፋበት አገር «ሊኑክስ ጠንካራ ነው» ብሎ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ማሽኑን ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ) መሥራትም ስህተት ነው። ኤክስት4 የተባለው የፋይል ሥርዓት መብራት ድንገት ሲጠፋ የዲስኩን አደረጃጀት ይጠብቃል፤ ገና ያልተጻፈውን ደረሰኝ ግን አይመልስም።

የመጨረሻው፣ ነፃ ነው ተብሎ ሰው ሳይመድቡ መተው ነው። የይለፍ ቃሉን አንድ ወጣት ብቻ ያውቃል፤ እሱም 130 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ ሥራ ያገኛል። ቢያንስ ሁለት ሠራተኞቻችሁ በደንብ የሚያውቁትን ምረጡ። ሁለቱም ኡቡንቱን የሚያውቁ ከሆነ፣ ሮኪ 10 ዓመት ስለሚደገፍ ብቻ ወደማያውቁት አትግፏቸው።