የኮሌክሽን ተቆጣጣሪው የማን ወዳጅ ነው? እንዴት እንደሚጣራ

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ኮሌክሽን የገባበት ሰው፣ ማለትም ያልተከፈለ ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት የጻፈለት፣ ደብዳቤውን ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል። በ30 ቀን ውስጥ «ዕዳው የእኔ መሆኑን አስረዱኝ» ብሎ በጽሑፍ እንዲጠይቅ እነግረዋለሁ። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ኧረ እነዚህን ሰዎች የሚቆጣጠር የለም?» አለ። ከማን ጋር እንደሚሞዳሞድም ማየት ይቻላል፤ ያውም በነፃ።

ከደጃችሁ ጀምሩ። ሜሪላንድ ለኮሌክሽን ድርጅቶች ፈቃድ የሚሰጥ ቦርድ አላት። ከአምስቱ ወንበር ሁለቱን ሕጉ ራሱ ለኢንዱስትሪው ሰጥቷል፤ ሁለቱን ለሸማቹ። ብዙ ሰው ይሄን ሲሰማ ይናደዳል። እኔን ግን በግልጽ የተቀመጠ ሰው ብዙም አያሰጋኝም። ቃለ ጉባኤውን ጠይቁ፤ የራሱ ድርጅት ጉዳይ ሲነሳ ከውሳኔው ራሱን አግልሏል?

ዋሽንግተን ያለው ሲኤፍፒቢ (የፌዴራሉ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ) ላይ ሥራው ይከብዳል። የከፍተኛ ሹማምንቱን ቅጽ 278ኢ፣ ማለትም ሀብትና ገቢያቸውን የሚያሳውቁበትን ቅጽ፣ ከመንግሥት ሥነ ምግባር ቢሮ ድረ ገጽ ፈልጉ፤ ካልተለጠፈ በማመልከቻ ይገኛል። አክሲዮኑ ላይ ብዙ አትቆዩ፤ ዋጋው የሚጻፈው «ከዚህ እስከዚህ» እየተባለ ነው። ወርቁ ያለው በዓመት ከ5,000 ዶላር በላይ የከፈሉትን የሚዘረዝረው ክፍል ውስጥ ነው። ሰውዬው ጠበቃ ከነበረ ደንበኞቹ እዚያ ይወጣሉ።

ቀድሞ የተመረጠ ፖለቲከኛ ከሆነ የምርጫ ኮሚሽኑን የልገሳ መዝገብ ክፈቱ። ሚክ መልቫኒ በ2017 መጨረሻ ሲኤፍፒቢን በተጠባባቂነት ሲይዝ፣ በኮንግረስ ዘመኑ ከፔይዴይ አበዳሪዎች (እስከ ደሞዝ ቀን በከፍተኛ ወለድ ከሚያበድሩ ድርጅቶች) የተቀበለው ገንዘብ እዚያው ተመዝግቦ ነበር። በ2018 ደግሞ ለባንክ ሰዎች፣ ኮንግረስ ሳለ ገንዘብ ያልሰጠውን ሎቢስት (ባለሥልጣን ለማግባባት የተቀጠረ ሰው) ያነጋግር እንዳልነበር በአደባባይ ነገራቸው። ደፋር ነው መቼም!

ስትፈልጉ በለጋሹ አሠሪ ስም ፈልጉ። ፖስታው ላይ ያለው ስምና የባለቤቱ ስም ይለያያል። ሚድላንድ ክሬዲት ማኔጅመንት የኤንኮር ካፒታል ግሩፕ ነው፤ ሁለቱንም አስገቡ። የዘርፉን ማኅበር፣ ኤሲኤ ኢንተርናሽናልንም አትርሱ።

ልገሳ ብቻውን ወንጀል አይደለም። ወንጀሉ የገንዘብ ጥቅሙ ያለበትን ጉዳይ ራሱ ሲወስን ነው። ስለዚህ ለመሥሪያ ቤቱ የሥነ ምግባር ኃላፊ ስትጽፉ ሌባ አትበሉ፤ «ከየትኞቹ ጉዳዮች ራሱን አግልሏል?» በሉ።

ከሥልጣን ሲወርድም ስሙን ፈልጉ። ከፍተኛ ሹም ለአንድ ዓመት የቀድሞ ቢሮውን ለሌላ ሰው ብሎ ማግባባት አይችልም። ከመጋረጃ ጀርባ ማማከርን ግን ያ ክልከላ አይነካውም።